አግዳሚ የሌለው ወለል

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ፎቅ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ እባክዎ ለአንድ አፍታ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተጋደመ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ የወጣ ወፍራም አግዳሚ ካዩ ቤትዎ የተሠራው በተለመደው መንገድ ነው። ኢንጂኒየሮች ይህን አግዳሚ ቢም ይሉታል። ነገር ግን ጣሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለጥ ያለ ሆኖ፣ ምሰሶዎቹ ብቻ እንደ ጠረጴዛ እግር ከታች ደግፈውት ቢያገኙት፣ ከራስዎ በላይ ያለው ነገር የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ነው ማለት ነው። (ኮርኒስ ተሠርቶበት እንደ ሆነ ግን ዐይን ይታለላልና አይፍረዱ።)

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ ኢንጂኒየር አይደለሁም። ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ አንድ ፎቅ ይሠራል። ተማሪዎቼ በትምህርት ሰዓት በመስኮት ወደዚያ ማየት አበዙ፤ መከልከሉ አላዋጣ ሲለኝ እኔም አብሬ ማየት ጀመርሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ያ ቤት አግዳሚ የለውም፤ ታዲያ ወለሉን ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?» አለኝ። «ብረት አለበት» ብዬ መለስሁለት። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን መልስም አይደለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርሁትን ሁሉ ይዤ የልጁን ጥያቄ ለመመለስ እንደማልችል ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ነው ለእርስዎ የማካፍልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አርማታ ጥቂት ልበል። አርማታ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተደባልቀው የሚፈጥሩት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ መሳብን የሚቋቋምበት ጉልበት፣ መጫንን ከሚቋቋምበት ከዐሥር አንዱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሚሳብበት ቦታ ሁሉ ግንበኞቻችን ፌሮ የሚሉትን የብረት ዘንግ ይቀብሩበታል። ይህን ዘዴ በ1867 በፓሪስ በስሙ ካስመዘገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዦዜፍ ሞኒዬ የሚባል አትክልተኛ ነበረ። ሰውየው ፎቅ ሊሠራ አልተነሣም፤ የአበባ መትከያ ገንዳዎቹ እየተሰነጠቁ ቢያስቸግሩት ነው።

የሚሳበው ቦታ የት ነው? አንድ ሳንቃ በሁለት ድንጋዮች ላይ ያጋድሙና መካከሉ ላይ ይቁሙበት። ሳንቃው ይጎብጣል፤ ሆዱ ይለጠጣል፣ ጀርባው ይጨመቃል። እንግዲህ ሳንቃው አርማታ ቢሆን ፌሮው በሆዱ በኩል መቀበር አለበት። ሳንቃው ረጅም ሆኖ ከድንጋዮቹ አልፎ ወዲያና ወዲህ ቢቀጥልና ሸክም ቢበዛበት ግን፣ በድንጋዮቹ አናት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ላይ የሚለጠጠው ጀርባው ነው። ስለዚህ በመካከል ፌሮው ከታች፣ በምሰሶ አናት ላይ ደግሞ ፌሮው ከላይ መሆን ይገባዋል። ይህችን ነገር እባክዎ በልብዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ የሰው ሕይወት የጠፋባት እርሷ ናትና።

በተለመደው አሠራር ወለሉ ሸክሙን ለአግዳሚው ይሰጣል፣ አግዳሚው ለምሰሶው፣ ምሰሶው ለመሠረቱ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ይሁንና አግዳሚዎቹ ቁመት ይበላሉ፤ የውሃና የአየር ቧንቧ ሲዘረጋ እንቅፋት ይሆናሉ፤ ለእነርሱ የሚሠራው የእንጨት ቅርጽም የአናጢ ጊዜ ይፈጃል። አግዳሚውን በማስቀረት በየፎቁ 30 ሳንቲ ሜትር ቢተርፍ፣ ዐሥር ፎቅ ባለው ሕንፃ 3 ሜትር ይተርፋል፤ ይህም አንድ ተጨማሪ ፎቅ ማለት ነው። የቦታ ዋጋ በናረበት ከተማ አንድ ፎቅ ምን እንደሚያወጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን አስቦ በሥራ ላይ በማዋል ስሙ የሚጠራው ክሎድ ተርነር የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂኒየር ነው። በ1906 በሚኒያፖሊስ ከተማ አግዳሚ የሌለው ሕንፃ ሠራ። የምሰሶዎቹን አናት ከላይ እንደ ቃሪያ አበባ ሳይሆን እንደ እንጉዳይ ጃንጥላ እያሰፋ ወለሉን በላዩ አሳረፈው፤ ዘዴውንም «እንጉዳይ» አለው። ኋላ ግን ኖርክሮስ የሚባል ሌላ ሰው በ1902 ተቀራራቢ ሐሳብ በስሙ አስመዝግቦ ኖሮ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተርነር ተረታ። በአውሮፓ ደግሞ ሮበርት ማያር የተባለው ስዊሳዊ በ1910 በዙሪክ ከተማ ለዕቃ ማከማቻ የሚሆን ቤት በዚሁ ዓይነት ሠራ። የማያርን ምሰሶዎች ሥዕል አይቼአለሁ፤ አናታቸው ያለ ስፌት ወደ ጣሪያው ይፈስሳል። ዕቃ ማከማቻ እንዲህ ማማሩ ሊያስቀና ይችላል።

ምሰሶው ከላይ ለምን እንደሚሰፋ ለማወቅ የሂሳብ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ እንጀራ ይበቃል። አንድ እንጀራ በአንድ ጣትዎ ጫፍ ላይ ሊያሳርፉት ቢሞክሩ ጣትዎ በስቶት ይወጣል። መዳፍዎን ዘርግተው ቢያሳርፉት ግን ጠርዙ ይንጠለጠል እንጂ አይበሳም። ጣቱ ቀጭን ምሰሶ፣ መዳፉ እንጉዳዩ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ አሳይቼ፣ እንጀራውን ያመጣችው ተማሪ «ምሳዬን» ብላ ስታለቅስ ከኪሴ ከፍያለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ብዙም አያስፈራም። በአራት ምሰሶዎች መካከል ያለ፣ በሁለቱም በኩል 6 ሜትር የሆነ ወለል ያስቡ። የወለሉ የራሱ ክብደት፣ ሰዉና ዕቃው፣ ለጥንቃቄ ከፍ ተደርጎ ሲቆጠር በአንድ ካሬ ሜትር 10 ኩንታል ነው እንበል። 36 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው 360 ኩንታል ይሆናል። ይህ ሸክም በየትኛው አቅጣጫ ይሄዳል? ወለሉ በምሥራቅና በምዕራብም፣ በሰሜንና በደቡብም ምሰሶ ስላለው፣ ብዙ ሰው «ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 180 ኩንታል የሚችል ብረት ይበቃል» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ስሕተት ነው። ጤፍ ከማሳ እስከ አውራ መንገድ በአህያ፣ ከአውራ መንገድ እስከ ገበያ በመኪና ቢሄድ፣ አህያዋ ግማሹን መኪናው ግማሹን ተሸከሙ አይባልም። ሁለቱም ሙሉውን ኩንታል በየመንገዳቸው ተሸክመዋል። በወለሉ ላይ ያለው ሸክምም መጀመሪያ በአንዱ አቅጣጫ ምሰሶዎቹ ወደ ተሰለፉበት መሥመር ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ መሥመሩን ተከትሎ እስከ ምሰሶው ይሄዳል። በተለመደው ቤት ሁለተኛውን ጉዞ የሚሸከመው አግዳሚው ነበር። እዚህ ግን አግዳሚ የለም፤ ሁለቱንም ጉዞ ያው ስስ ወለል ይሸከማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አቅጣጫ መቆጠር ያለበት ሙሉው 360 ኩንታል ነው።

ይህን በ1914 በግልጽ ጽፎ ያሳየው ጆን ኒኮልስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የጠቅላላውን ክብደት በምሰሶዎቹ መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ ለ8 ማካፈል ነው፤ በእኛ ወለል 360 በ6 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 270 ይሆናል። (የምሰሶው ውፍረት ቍጥሩን ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ለጊዜው እንተወው።) ማረጋገጫው የኒውተን ሕግ ብቻ ነው፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊከተለው ይችላል። ሆኖም በጊዜው የነበሩ ባለሙያዎች ተቆጥተው፣ ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ የረዘመ ክርክር ጻፉበት። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወለሎች ከዚህ ባነሰ ብረት ተሠርተው ቆመው ነበርና፣ የሰውየው ሂሳብ «እነዚህ ሁሉ ጎደሎ ናቸው» የሚል ነበረ።

እንግዲህ የሰውን ነገር ይመልከቱ። ሂሳቡን ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ዳሩ ግን የአሜሪካው ደንብ ለ8 በማካፈል ፈንታ፣ ማለትም በ0.125 በማባዛት ፈንታ፣ በ0.09 ማባዛትን ፈቀደ። ይህም ሳይንሱ ከሚጠይቀው ከመቶ 72 እጅ ብቻ ማለት ነው። ይህ ቅናሽ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1971 ነው። ታዲያ ቤቶቹ ለምን አልወደቁም? የሞካሪዎቹ መሣሪያ በፌሮው ውስጥ ያለውን መወጠር ሲለካ አነስተኛ ያገኝ ነበረ፤ ያልተሰነጠቀው አርማታም እየተሳበ ያግዝ ስለ ነበር ነው። ደግሞም ወለል የታሰበለትን ሙሉ ሸክም የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ተፈጥሮ ዱቤ ሰጠች እንጂ ዕዳውን አልሰረዘችም።

የ270ው ቍጥር ከተገኘ በኋላ ማከፋፈሉ ይቀራል። ዛሬ ከሚሠራባቸው ደንቦች በአንዱ፣ በመካከለኛ ወለል ላይ ከመቶ 65 እጁ ለምሰሶ አናት፣ 35 እጁ ለመካከል ይሰጣል። ከምሰሶ አናት ድርሻ ውስጥ ደግሞ ከመቶ 75ቱ ምሰሶዎቹን ተከትሎ በሚሄደው ሰፊ ጥብጣብ ውስጥ መግባት አለበት። በሌላ አነጋገር ከላይ የሚቀበረው ፌሮ በእኩል አይበተንም፤ ምሰሶው ዙሪያ ይጠቀጠቃል። አግዳሚው ጠፋ አልን እንጂ በወለሉ ውፍረት ውስጥ ተደብቆ ተኝቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ስለ መጉበጥ ነው። ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ የእንጀራውና የጣቱ ነገር። መጉበጥ ያስጠነቅቃል፤ ወለሉ ይረግባል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው አይቶ ይሸሻል። መበሳት ግን ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ምሰሶው ባለበት ይቀራል፤ ወለሉ በዙሪያው ተቀድዶ ይወርዳል።

የእኛን ወለል እንፈትነው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ምሰሶው በሁሉም ጎን 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይኛው ፌሮ እስከ ወለሉ ሆድ ያለው ርቀት 16 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ኢንጂኒየሮች የሚመረምሩት ከምሰሶው ጥቂት ወጣ ብሎ የሚዞረውን መሥመር ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን 40 ሲደመር 16፣ ማለት 56፣ በአራት ጎን 224 ሳንቲ ሜትር። ይህ በ16 ሲባዛ 3,584 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ምሰሶው የሚቀበለው 360 ኩንታል፣ ማለት 36,000 ኪሎ፣ ለዚህ ሲካፈል በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ይወጣል። መካከለኛ ጥንካሬ ላለው አርማታ የአሜሪካው ደንብ እስከ 12 ኪሎ ገደማ ይፈቅዳል። ደኅና ነን።

አሁን ፌሮው በስሕተት 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በወረቀት ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ሲሚንቶው ያው፣ ብረቱ ያው፣ ከውጭ ሲታይም ወለሉ ያው ነው። ርቀቱ ግን 12 ሆነ፤ መሥመሩ 208፣ ስፋቱ 2,496 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሆነ። 36,000 ለዚህ ሲካፈል ከ14 ኪሎ በላይ ነው። የጣት ሁለት አንጓ በማይሞላ ርቀት ከሚፈቀደው በታች የነበረው ከሚፈቀደው በላይ ወጣ።

ይህ የመምህር ተረት እንዳይመስልዎ። በ1981፣ ማርች 27 ቀን፣ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ኮኮዋ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ባለ አምስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ይሠራ ነበር። ሠራተኞች የጣሪያውን አርማታ ሲያፈስሱ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። የመንግሥት መርማሪዎች ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ ንድፉን የሠሩት ሰዎች መበሳቱን የሚመረምረውን ስሌት ጭራሽ አልሠሩትም። ሁለተኛ፣ የላይኛውን ፌሮ ከፍ አድርገው የሚይዙት ትናንሽ የብረት ማስቀመጫዎች ለ20 ሳንቲ ሜትሩ ወለል አጭር ነበሩ፤ ቁመታቸው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበረ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያው ነው። ያ ስሌት እኔና እርስዎ አሁን በአንድ አንቀጽ የሠራነው ነው።

ከዚያ በፊት በ1973 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ገና ያልጠነከረ ወለል ከሥሩ የተተከለለት ድጋፍ ቶሎ ቢነሣ ወለሉ በምሰሶዎቹ ተበስቶ ወርዶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። አርማታ በብርድ ቀን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ሥራ አስኪያጅ ግን ቀን ይቆጥራል።

የሴኡሉ ከሁሉ ይብሳል። በኮርያ ዋና ከተማ ሳምፑንግ የሚባል ባለ አምስት ፎቅ ትልቅ የገበያ ቤት ነበረ፤ ወለሉ አግዳሚ የሌለው ነው። ምሰሶዎቹ በንድፉ ከታሰበው ቀጥነው ተሠሩ። አምስተኛው ፎቅ በበረዶ መንሸራተቻ ዓይነት ጫማ የሚጫወቱበት አዳራሽ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ምግብ ቤቶች ተደረጉበትና ወለሉ በሚሞቅ ቧንቧ ከበደ። ከባድ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎችም በ1993 በጣሪያው ላይ ተጎትተው ቦታቸውን ለወጡ። ጁን 29 ቀን 1995 ጠዋት በአምስተኛው ፎቅ በምሰሶ ዙሪያ ስንጥቅ ታየ። መበሳት ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም ብያለሁ፤ በዚያን ቀን ግን አስጠንቅቆ ነበር፤ ያውም ብዙ ሰዓት። ኀላፊዎቹ የላይኛውን ፎቅ ዘግተው በታችኛው መሸጥ ቀጠሉ። ከቀኑ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሕንፃው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወረደ፤ 502 ሰው ሞተ። ባለቤቱ ታሰረ።

እንዲህ ስል አግዳሚ የሌለው ወለል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በዓለም ላይ ስፍር ቍጥር የሌላቸው እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች በደኅና ቆመው ሰው ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ የምሰሶውን አናት ማስፋት፣ በምሰሶው ዙሪያ ወለሉን ማወፈር፣ ወይም መበሳትን የሚከለክል ቋሚ ብረት በዙሪያው መትከል ነው። እኔ በጣም የወደድሁት ግን ርካሹን ነው፤ ከታችኛው ፌሮ ጥቂቱን በምሰሶው ውስጥ አሳልፎ መቅበር። ምናልባት ወለሉ ቢበሳ እንኳ፣ ከላይ ያለው ፌሮ ከአርማታው እየተገነጠለ ሲወጣ ታችኛው እንደ ገመድ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ይህ በአሜሪካው ደንብ ግዴታ ሆኖ የገባው በ1989 ነው፤ ከኮኮዋ ቢች ስምንት ዓመት በኋላ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ የማዶውን ፎቅ እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልሁም። አርማታ በሚፈስስበት ቅዳሜ ቀን ሄጄ ዘበኛውን አስፈቅጄ ወጣሁ። የቀን ሠራተኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ባሬላ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ የሚረግጡት የላይኛውን ፌሮ ነው። በረገጡት ቍጥር ፌሮው ይጎብጣል፤ አንዳንዱ ተመልሶ አይነሣም። አለቃ መሳዩ ሰው «ቶሎ! ቶሎ! ዝናብ መጣ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? እጄን ኪሴ ከትቼ አራት ሳንቲ ሜትር፣ አራት ሳንቲ ሜትር እላለሁ በልቤ።

ከምሰሶዎቹ በአንዱ አጠገብ አንድ ሽበታም ፌራዮ ተንበርክኮ አየሁ። በእጁ ሚስማር የተመታባት አጭር እንጨት አለች። ባሬላው ባለፈ ቍጥር እየተከተለ፣ የጎበጠውን ፌሮ በመንጠቆ ብድግ ያደርግና እንጨቷን ሥር ሰድዶ ይለካል፤ ካልደረሰ ድንጋይ ያስገባበታል። ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ምን እየለኩ ነው?» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጫማዬ ንጹሕ ስለ ነበር ከመሥሪያ ቤት የተላክሁ ሳይመስለው አልቀረም።

«ከፍታውን ነዋ። ብረቱ ከላይ ካልሆነ ምን ይሠራል? ተኝቶ ሊያድር ነው?»

«ማን አስተማረዎ?»

«ማን ያስተምረኛል? አንድ ጊዜ ሲወርድ አየሁ» አለና ዝም አለ። የት፣ መቼ ብዬ ልጠይቀው ስል ሌላ ባሬላ መጣ። «መምህር ነህ መሰል፤ ከቆምህ አይቀር ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ። ኮቴን አውልቄ ያዝሁለት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስናነሣና ስንለካ ቆየን፤ ዝናቡም አልመጣም።

ሰኞ ዕለት ለዝምተኛው ልጅ መልሱን ነገርሁት። የፌራዮውን እንጨት ማየት እፈልጋለሁ አለኝ።